ባልሆነው ታሪክ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች

አሜሪካዊው ደራሲ መሬ ሌንስተር እ.ኤ.አ. በ1934 «በጊዜ ውስጥ ወደ ጎን» የሚል ታሪክ አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በታሪኩ ምድር በድንገት ትናወጥና፣ ታሪክ በሌላ አቅጣጫ ከሄደባቸው ሌሎች ምድሮች ጋር አካሏን ቁራሽ በቁራሽ ትለዋወጣለች። በሚዙሪ ግዛት፣ ሮም ካልወደቀችበት ዓለም የመጡ ወታደሮች ብቅ ይላሉ፤ በሌላ ስፍራ ቻይናውያን ያቀኗት አሜሪካ ትታያለች። ሰው ሁሉ ግራ ሲጋባ አንድ ሰው ብቻ አልደነገጠም፤ በቨርጂኒያ የሚገኝ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር የሆነው ሚኖት። ነገሩ እንደሚመጣ አስቀድሞ በስሌት ደርሶበት ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረም። ተማሪዎቹን አስከትሎ የሚጓዘውም፣ ይዞት የሄደው እውቀት ጌታ የሚያደርገውን አንድ ኋላ ቀር ዓለም ፍለጋ ነው። በ1995 የተመሠረተውና ለአማራጭ ታሪክ ሥራዎች የሚሰጠው የ«ሳይድዋይዝ» («ወደ ጎን») ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚህ ታሪክ ነው። ታሪኩ በተነሣ ቁጥር የሚወደሰው የምናቡ ስፋት ነው። እኔ ግን ከምናቡ ይልቅ የሚኖት ዕቅድ ልብ ሊባል ይገባል እላለሁ። ወደ ሌላ የጊዜ መስመር የሚያሻግረው በር ገና ሲከፈት ከፊት የተገኘው ሊገዛ የወጣ ሰው ነውና።

አማራጭ ታሪክን የሚተርኩ ልብ ወለዶች በሁለት ይከፈላሉ። በአንደኛዎቹ በር የለም። ጦርነቱን ያሸነፈው ሌላው ወገን ነው፣ ወይም መሪው ሳይሞት ቀርቷል፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን ያን ታሪክ እንደ ብቸኛ እውነት ይዘው ይኖራሉ እንጂ የእኛን ዓለም አያውቁትም። ማነጻጸሩ ለአንባቢው የተተወ ነው። በሁለተኛዎቹ አንድ ሰው ከአንዱ የጊዜ መስመር ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ወይም ያለፈውን ነክቶ አንዱን መስመር በሌላ ይተካል። ልዩነቱ የአተራረክ ስልት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ በእኔ እምነት ግን የዘርፉን ጥያቄ ከሥሩ ይለውጠዋል። ሁለቱንም ዓለሞች የሚያውቅ ሰው ከተገኘ በኋላ ማዶ ያሉት ሰዎች እንዲያው የምናብ ፍጡር ሆነው ሊቀሩ አይችሉም። ሊረዳቸው፣ ሊዘርፋቸው፣ ሊያጠፋቸው ወይም ትቷቸው ሊሄድ ይችላል፤ ከእነዚህ አንዱን ማድረጉም አይቀርም። ስለዚህ የእነዚህ ልብ ወለዶች ዋና ጉዳይ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው «እንዲህ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር?» የሚለው ሳይሆን፣ በአንድ ታሪክ ውስጥ የሚኖር ሰው በሌላ ታሪክ ውስጥ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ምን ሥልጣን አለው የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት የገጠሙት መጻሕፍት ከአሥርት ዓመታት በኋላም ይነበባሉ። የሸሹት ምናባቸው የቱንም ያህል ቢሰፋ መልክዓ ምድር እንጂ ሰው የላቸውም።

አይዛክ አሲሞቭ በ1955 ያሳተመው «የዘላለም ፍጻሜ» የመጀመሪያው ምስክሬ ነው። በመጽሐፉ ከጊዜ ውጭ የቆመ «ዘላለም» የሚባል ተቋም አለ። ሠራተኞቹ ከክፍለ ዘመን ወደ ክፍለ ዘመን እየተመላለሱ፣ የሰውን ልጅ መከራ ለመቀነስ ሲሉ እውነታውን ራሱን ያርማሉ። የሚፈልጉትን ውጤት የሚያመጣውን ከሁሉ ያነሰ ለውጥ በስሌት ያገኙና ያን ብቻ ይፈጽማሉ። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድሩ ሃርላን ሥራ ሲጀምር ያደረገው አንድን መሣሪያ ማሰናከል ነበር። በዚህ የተነሣ አንድ ወጣት ሊከታተለው ካሰበው ትምህርት ቀረ፤ ሊገባበት ከነበረው ሙያም ቀረ፤ አንድ የቴክኒክ ግኝት ለአሥር ዓመት ዘገየ፤ በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ሊነሣ የነበረ ጦርነትም ከእውነታ ተፋቀ። ይህን ማን ይጠላል? ከጦርነቱ ጋር ግን ሌላም ብዙ ነገር ይፋቃል። የተጋቡት እንዳልተዋወቁ፣ የተወለዱት እንዳልተወለዱ፣ ደጉ ሰው ሌላ ጠባይ እንደነበረው ይሆናል፤ ከተቋሙ ሠራተኞች በቀር የሚያስታውስ ሰው የለም። ሃርላን ራሱን የሚያጽናናው በምትካቸው የሚመጡትም ሰዎች ናቸው፣ መኖር ይገባቸዋል እያለ ነው። አሲሞቭ የዚህን መጽናኛ ባዶነት የሚያሳየን በስብከት አይደለም፤ በተቋሙ ኑሮ ነው። ለውጡን በእጃቸው የሚፈጽሙት «ቴክኒሺያኖች» በገዛ ባልደረቦቻቸው የተገለሉ ናቸው። ስሌቱን የሠራ አለ፣ ያጸደቀ አለ፤ ሁሉም ፊቱን የሚያዞረው ግን ከቴክኒሺያኑ ነው። ሥራው እነሱ እንደሚሉት ንጹሕ ቢሆን ኖሮ በደሉን ተሸክሞ የሚገለል ሰው ባላስፈለጋቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ አሲሞቭ በመጨረሻ በተቋሙ ላይ የሚፈርደው በሌላ ክስ ነው፤ አደጋን ሁሉ እያስወገደ የሰው ልጅ ወደ ከዋክብት እንዳይወጣ አድርጓል ይላል። ይህ ክስ ለእኔ ከሁለቱ ደካማው ነው። የተፋቁትን ሰዎች ትቶ የሰው ዘርን ስኬት ይቆጥራልና፣ መልሶ በተቋሙ የሒሳብ ቋንቋ መናገር ይሆናል። መጽሐፉን በልቤ ያኖረው የከዋክብቱ ጉዳይ ሳይሆን የቴክኒሺያኑ መገለል ነው።

ዋርድ ሙር በ1953 ባሳተመው «ኢዮቤልዩውን አምጡ» ጥያቄውን ይበልጥ ያከብደዋል። በሙር ዓለም የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ያሸነፈው ደቡብ ነው፤ ሰሜኑ ደህይቶ፣ ሰዎቹ በረጅም የሥራ ውል ራሳቸውን እየሸጡ የሚኖሩበት አገር ሆኗል። ሆጅ ባክሜከር የተባለ የገጠር ልጅ በዚህ ድህነት መካከል መጻሕፍት ወድዶ ያድጋል፤ ኒው ዮርክ ሄዶ በመጻሕፍት መደብር ያገለግላል፤ በመጨረሻም ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሃገርስሄቨን ከሚባል የምሁራን ማኅበር ተጠግቶ የታሪክ ሊቅ ይሆናል፣ ትዳርም ይይዛል። ከማኅበሩ አባላት አንዷ ባርባራ ወደ ኋላ የሚወስድ መሣሪያ ስትሠራ፣ ሆጅ የጦርነቱን ወሳኝ ውጊያ በዓይኑ ለማየት ወደ 1863ቱ ጌቲስበርግ ይሄዳል። የሄደው ሊያይ እንጂ ሊነካ አይደለም። ሆኖም እዚያ መገኘቱ ብቻ የደቡብ ወታደሮችን ያዘገያቸዋል፤ በግርግሩ አንድ መኮንን ይሞታል፤ ወታደሮቹ ራውንድ ቶፕ የሚባሉትን ኮረብታዎች ሳይዙ ይቀራሉ፤ ታሪክም እኛ ወደምናውቀው መንገድ ይዞራል። የሞተው መኮንን የሃገርስሄቨን መሥራች ይሆን የነበረ ሰው ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ የለም፣ ባርባራ የለችም፣ መሣሪያው የለም፣ የሆጅ ሚስት የለችም። እሱ ራሱ ባልተወለደበት ታሪክ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ በ1877 የሚጽፈው ቃል የዚያ ዓለም ብቸኛ ምስክር ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ደቡብ ካሸነፈበት ታሪክ ሰሜን ያሸነፈበት ይሻላል፤ ታዲያ የሆጅ ዓለም መጥፋት ምን ያስቆጫል? ተቃዋሚው ይሻላል ማለቱ ትክክል ነው፤ የባርነት ሥርዓት ሊጠብቅ የተዋጋ ጦር መሸነፍ ነበረበት፣ በዚህ ላይ ማመንታት አይገባም። ሆኖም የተሻለ ውጤት ዕዳን አይሰርዝም። ሙር ሆጅን «መልካም አደረግሁ» ብሎ እንዲያርፍ አይፈቅድለትም፤ «ክፉ አደረግሁ» እንዲልም አያስገድደውም። ስማቸውን የምናውቃቸውን ሰዎች፣ ማዕዳቸውንና ክርክራቸውን፣ ቅናታቸውንና ፍቅራቸውን በብዙ ምዕራፎች ካሳየን በኋላ ይወስድብናል። ሚዛኑ ወደ እኛ ዓለም ማጋደሉን እያወቅን እንኳ በሌላው ወገን የተቀመጡት ሰዎች መሆናቸውን እንድናይ ያደርገናል። በር የሌለው አማራጭ ታሪክ ይህን ማድረግ አይችልም። ያ ዓለም በመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ እንደተጠበቀ ስለሚኖር ማንም አላጠፋውም፣ ማንም አይጠየቅበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሳይንስ ወገን ይመጣል። ሂዩ ኤቨረት ሦስተኛው በ1957 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በጆን ዊለር ሥር የሠራው የኳንተም ፊዚክስ ትርጓሜ፣ ኋላ ብራይስ ዲዊት በ1970ዎቹ «ብዙ ዓለሞች» በሚል ስም ያስፋፋው፣ እያንዳንዱ የኳንተም ክስተት ሊያመጣ የሚችለው ውጤት ሁሉ በየቅርንጫፉ ይፈጸማል ይላል። በዚህ ትርጓሜ ቅርንጫፎቹ አንዴ ከተለያዩ በኋላ መሻገሪያ የላቸውም፤ መሄድ ቀርቶ መልእክት መላክም አይቻልም። ስለዚህ በሩ ራሱ ውሸት ነው፣ በውሸት በር ላይ የተሠራ ሥነ ምግባርም ከንቱ ነው ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ ዘርፉ ከፊዚክሱ ይቀድማል፤ የሌንስተር ታሪክ የኤቨረትን ጽሑፍ በ23 ዓመት ቀድሞታል። ደራሲዎቹ በሩን የከፈቱት ፊዚክስ ስለፈቀደላቸው ሳይሆን፣ ከበሩ ወዲያ ስላለው ሰው ሊጠይቁ ስለፈለጉ ነው። ላብራቶሪ እንደሚያረጋግጠው ግምት ከያዝናቸው ሁሉም ይወድቃሉ። ሥልጣን ያለው ሰው ምን ያደርጋል ብሎ እንደሚጠይቅ ድርሰት ካነበብናቸው ግን የፊዚክሱ ክልከላ አይነካቸውም።

ከፊዚክሱ የሚመጣው ብርቱ ፈተና ሌላ ነው። ላሪ ኒቨን በ1968 «አእላፍ መንገዶች ሁሉ» በሚለው አጭር ልብ ወለዱ በግልጽ አቅርቦታል። በዓለሞች መካከል የሚመላለስ ኩባንያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰዎች ያለ ምክንያት ራሳቸውን ማጥፋት፣ ያለ ምክንያት መግደል ይጀምራሉ። መርማሪው ፖሊስ የሚደርስበት መልስ አስፈሪ ነው። የምመርጠው ሁሉ በሌላ ዓለም ተቃራኒው የሚመረጥ ከሆነ፣ መምረጤ ምን ትርጉም አለው? ይህ ጥያቄ የዘርፉ መቃብር ሊመስል ይችላል። ቴድ ቺያንግ በ2019 ያሳተመው ረጅም ታሪክ የሰጠው መልስ ደግሞ ትኩረት ይገባዋል። በቺያንግ ዓለም ከሌላው ቅርንጫፍ ካለው ራስህ ጋር በመሣሪያ መነጋገር ይቻላል፣ መሻገር ግን አይቻልም። ሰዎች የሌላውን ራሳቸውን ዕድል እያዩ በቅናትና በጸጸት ይታመማሉ። ቺያንግ እንደሚለው እያንዳንዱ ውሳኔ የሰውየውን ጠባይ ይቀርጻል፤ ደግ መሆንን የለመደ ሰው በብዙ ቅርንጫፎች ደግ ይሆናል። መልሱ ጥሩ ነው፤ ለእኔ ግን አሁንም ስለ መራጩ ብቻ የሚያስብ ነው። የኒቨን ሙግት የሚሳሳተው ዓለሞችን ሲቆጥር በውስጣቸው ያሉትን ሰዎች ስለሚረሳ ነው። እዚህ የተገደለው ሰው በሌላ ቅርንጫፍ መትረፉ ለእዚህኛው ሟች ምኑም አይደለም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለነዋሪው ሙሉ ዓለም ነው፤ ሕመሙም ሙሉ ሕመም ነው። ዓለሞቹ በዙ ማለት ተጠያቂ የምንሆንባቸው ሰዎች በዙ ማለት ነው እንጂ ተጠያቂነቱ ቀለለ ማለት አይደለም።

የታሪክ ሊቃውንትም ቅሬታ አላቸው። እንግሊዛዊው ኢ. ኤች. ካር በ1961 «ታሪክ ምንድን ነው?» በተሰኘው መጽሐፉ «ይህ ባይሆን ኖሮ» የሚለውን ሐሳብ የሳሎን ጨዋታ አድርጎ ተመልክቶታል፤ በታሪክ የተሸነፉ ወገኖች መጽናኛ እንደሆነም ጠርጥሯል። ለታሪክ ጥናት ምክሩ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ለልብ ወለዱ ግን አይሠራም፤ የመሻገር ልብ ወለድ፣ የሆነው ነገር ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አይሞክርምና። ደግሞም ከጠቀስኳቸው መጻሕፍት አንዱም ተሸናፊን አያጽናናም። ሆጅ በመጨረሻ ያለው ምንድን ነው? ሃርላንስ? ሁለቱም ከበሩ ሲወጡ ከገቡበት ጊዜ ይልቅ ድሆች ናቸው።

መጽናኛ የሚገኘው ጥያቄውን በሸሹት ዘንድ ነው። ኤች. ቢም ፓይፐር ከ1948 ጀምሮ በጻፋቸው «ፓራታይም» ታሪኮች ውስጥ፣ የራሱን ምድር ሀብት አሟጦ የጨረሰ ሥልጡን ሕዝብ ከሌሎች የጊዜ መስመሮች በድብቅ እየወሰደ ይኖራል፤ ልዩ ፖሊስ ምስጢሩን ይጠብቃል። ደራሲው የሚያደንቀው ያን ፖሊስ ነው። በ1955ቱ «የጊዜ ወንጀል» ከመስመር ወደ መስመር የሚካሄድ የባሪያ ንግድ ሲጋለጥ ታሪኩ ነጋዴዎቹን ያሳድዳል እንጂ፣ ንግዱን የወለደው ወስዶ የመኖር ሥርዓት ራሱ አይጠየቅም። ፓይፐር ጎበዝ ተራኪ ነው፣ ግን በሩን የከፈተ መንግሥት ምን እንደሆነ በራሱ ገጽ ላይ ጽፎ ሳያነበው አልፏል። የዛሬ ዘመን ትልልቅ ፊልሞች ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አቅልለውታል፤ የሞተው ጀግና ምትክ ከጎረቤት ዓለም ይመጣል፣ ያ ዓለም ያጣውን ሰው የሚጠይቅለት የለም። በዚህ ረገድ ብሌክ ክራውች በ2016 ያሳተመው «ጥቁር ቁስ» ከፊልሞቹ ይሻላል፤ የሌላ መስመር ራሱ ሕይወቱን የነጠቀው ጄሰን ዴሰን ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በመንገድ የተከፋፈሉ ብዙ ጄሰኖች ሁሉም እኩል መብት ይዘው ያችኑ ሚስትና ያንኑ ልጅ ይጠይቃሉ።

ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1962 ያሳተመውና በተከታዩ ዓመት የሁጎ ሽልማት ያገኘው «የከፍታው ግንብ ሰው» በዘርፉ ከተጻፉት ሁሉ የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም መሻገሩ ጥቂት ገጽ ብቻ ይወስዳል። በ1933 ማያሚ ላይ ጁሴፔ ዛንጋራ ለአሜሪካ ፕሬዝዳንትነት በተመረጠው ሩዝቬልት ላይ የተኮሰው ጥይት በእኛ ታሪክ ሩዝቬልትን ስቶታል፤ በልብ ወለዱ ገድሎታል። አሜሪካ ደካማ ሆና ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጀርመንና ጃፓን አሸንፈዋል፤ ናዚዎች በአፍሪካ የፈጸሙትን እልቂት ገጸ ባሕርያቱ በጨረፍታ ያነሡታል፣ አንዳንዱ በድንጋጤ አንዳንዱም በአድናቆት። በጃፓን ቁጥጥር ሥር ባለችው ሳን ፍራንሲስኮ ታጎሚ የተባለ ከፍተኛ የንግድ ባለሥልጣን አለ። ሁለት ጀርመናውያን ነፍሰ ገዳዮችን በገዛ እጁ ከገደለ በኋላ ነፍሱ ታውካ፣ በመናፈሻ ወንበር ላይ አንድ ትንሽ የብር ጌጥ አፍጥጦ ሲመለከት ሳያውቀው ወደ እኛ ዓለም ይሻገራል። የሚያየው ነገር ያስጠላዋል። ባሕር ዳሩን የጋረደ የመኪና ማሳለጫ ድልድይ፣ ጢስ፣ ግርግር። ምግብ ቤት ሲገባ ነጮቹ እንደለመደው ተነሥተው ቦታ አይለቁለትም፤ ይሰድቡታል። የድል አድራጊ ሹም የነበረው ሰው ለጥቂት ደቂቃ ማንም ያልሆነ እስያዊ ይሆናል። ወደ ራሱ ዓለም ተመልሶ ቢሮው ሲደርስ፣ አንድ አይሁዳዊ እስረኛ ለጀርመኖች ተላልፎ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ወረቀት ፊርማውን ሲጠብቅ ያገኘዋል። አይፈርምም። እስረኛውን አያውቀውም፤ ያን የብር ጌጥ የሠራው እሱ መሆኑንም አያውቅም። ዲክ መሻገሩ ምሕረቱን ወለደው ብሎ አንድ ቃል አይጽፍም፤ ሁለቱን ትዕይንቶች አስከትሎ ብቻ ያስቀምጣቸዋል። በእኔ ንባብ ግን ታጎሚ ከማዶ ያመጣው አንድ ነገር አለ፤ ሥልጣኑ የተመሠረተው በአንድ የታሪክ አጋጣሚ ላይ እንደሆነ ማወቁ። ከበሩ ሥልጣን ሳይሆን የሥልጣን ማጣትን ልምድ ይዞ የተመለሰ ገጸ ባሕርይ በዘርፉ እምብዛም አይገኝም።

ሚካያ ጆንሰን በ2020 ያሳተመችው «በዓለሞች መካከል ያለው ክፍተት» ይህን ልምድ መነሻዋ አድርጋዋለች። በእሷ ልብ ወለድ መሻገር የሚቻለው ተሻጋሪው በሞተበት ዓለም ብቻ ነው፤ ሌላው ራስህ በሕይወት ካለ ጉዞው ይገድልሃል። ስለዚህ ቅምጥል ሆኖ በብዙ ዓለሞች የተረፈ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ካራ የምትቀጠረው ሊደረስባቸው ከሚቻሉት 380 ዓለሞች በ372ቱ ስለሞተች ነው፤ በበሽታ፣ በግፍ፣ በሠፈር ጠብ። ትውልዷ ከቅጥሩ ውጭ ካለችው ድሃ ከተማ ነው፤ የምትሠራው በቅጥሩ ውስጥ ላሉት ባለጠጎች ነው፤ የምትጠብቀውም የዜግነት ወረቀት ነው። በስደት አገር የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠብቅ የኖረ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። የሌላ ዓለም ሰዎች ሁለት ጊዜ የተፈጠሩ ልብ ወለዶች ናቸውና ለእነሱ መቆርቆር ከንቱ ነው ለሚለው የመጨረሻ ተቃውሞ ጆንሰን የምትሰጠው መልስ በሕጉ ውስጥ ነው። በእሷ ዓለም የአንድ ሰው ሞት ለሌላው መተላለፊያ ፈቃድ ሆኗል፤ ይህ ደግሞ ከምናብ የተገኘ አሠራር አይደለም። ከመጽሐፉ አጋማሽ በኋላ ታሪኩ ወደ ሥልጣን ሽኩቻ ስለሚያዘነብል ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የባለጠጋው ፈጣሪ ክፋት ከሚገባው በላይ ቀላል ሆኖ ይታያል። ቢሆንም አንድ ነገር ከአሲሞቭ ወዲህ ተለውጧል። በ1955 ቴክኒሺያኑ ስለሚፋቁት ሰዎች የሚያስበው ከላይ ሆኖ ነበር፤ በ2020 የምትተርከው ሴት በአብዛኛዎቹ ዓለሞች ከተፋቁት አንዷ ናት። የአሲሞቭ ሃርላን በምትካቸው የሚመጡትም ሰዎች ናቸው ሲል፣ የሚሄዱት አይሰሙትም ነበር። ካራ ግን ትሰማለች፣ ትመልሳለችም።